ወደ ጣና ውሃ ጭነን የሄድን ጊዜ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለ ክረምት ዕረፍታችሁ ጻፉ ብሎን ግማሽ ገጽ ጽፌ ነበር፤ ወጥተሽ አንብቢ ሲለኝ ሰሌዳው ሥር ቆሜ አለቀስሁ፤ በዚያው ቀረ። ትምህርቱም ያን ዓመት አበቃ። ሰው ፊት መናገር አሁንም አይሆንልኝም። ለአንድ ሰው እናገራለሁ፤ ሦስት ሆነው ከመጡ ግን የማውቀውን ሁሉ ውጬ "እንጃ" እላለሁ። ይህን ደብተር የገዛሁትም ለዚህ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ አምስት ጊዜ "እንጃ" ብያለሁ፤ አምስት ጊዜም ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ በራሴ ተናድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ወጣት ሴቶች ተሰብስበው ጎርጎራ ላይ ጀልባ ሊከራዩ፣ ሳምንት ሙሉ ጣና ላይ ከደሴት ደሴት ሊዞሩ ተነሥተዋል። እናቶቻቸው ያኔ እንዳደረጉት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ከሄዱት ውስጥ አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ከተማውን ለቀዋል፣ ያሉትም አርጅተው ታሪኩን ገልብጠው ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ምን ይያዛል ተብሎ የሚጠየቅ ሰው እኔ ሆንሁ። የልብስ ስፌት መኪናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስለምቀመጥ መሸሻ የለኝም። ትናንት ሰናይት ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ፣ ጎማ ያለው ሻንጣ በኮረት ላይ እያንኳኳች መጣችና እግሬ ሥር ከፈተችው። ሦስት ረጅም ቀሚስ፣ ተረከዙ እንደ እንዝርት የቀጠነ ጫማ፣ የፀጉር መተኮሻ፣ ትልቅ መስታወት። መተኮሻው የት ሊሰካ ነው ልላት ፈለግሁ፤ አላልኋትም። "ጋቢስ?" አልሁ ብቻ።

"ጋቢ? በዚህ ሙቀት? ትርንጎዬ፣ ወባ ነገር ይዞሻል እንዴ?" ብላ ሳቀች፤ ጓደኞቿም ሳቁ። ቀጥላም "ይልቅ ንገሪን፤ የታሸገ ውሃ ስንት ካርቶን ይበቃል? እኛ ሃያ ብለናል" አለችኝ።

ሃያ ካርቶን። ወደ ጣና። መርፌው ጨርቁን ትቶ ጣቴን ሊወጋኝ ምንም አልቀረው። "እንጃ" አልሁ።

ሰናይት ስትስቅ የሰማሁት የሌላ ሰው ሳቅ ነበር። ያኔ እንዲያ የሳቀችብኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ዘነቡ ትባላለች፣ እኔ እቴቴ እላት ነበር። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዳባት ድረስ መጥታ፣ ከዚያ ብርድ አውጥታ ወደዚህ እሳት፣ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ያመጣችኝ እሷ ናት። የማወራው ጊዜ ዓመቱ ስንት እንደነበር አልይዘውም። ሰሊጥ ዋጋ ያወጣበት ዓመት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እቴቴ ሦስት ቶብ በአንድ ቀን የገዛችው ያን ዓመት ብቻ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የሚመጣው የሱዳን ሴቶች ቶብ ያኔ እዚህ የክት ልብስ ነበር። የእሷ ሰማያዊ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ብርማ ክር ነበረው፤ ስትሄድ ከኋላዋ የሰንደል ሽታ ይከተላል። አስፋልቱ ገና አልመጣም፤ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፤ ጥግ ላይ ባለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን ይዘፍናል፤ ቃሉን ሳንረዳው ሁላችንም እናንጎራጉረዋለን። ሻይ አንድ ብርጭቆ በሃምሳ ሳንቲም፣ ስኳሩ ግማሽ ብርጭቆ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል መጠገኛ አለ፤ ዘፈኑም ከስንት አቅጣጫ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ውሃ ግን ያኔም አሁንም ያው ነው። ያኔ በአህያ እየዞረ በጀሪካን ይሸጥ ነበር፤ በጋ ሲገባ ወንዙ ይቆራረጥና አሸዋ ቆፍረን በጣሳ እንቀዳለን። የቆላ ሰው ውሃ ሳይይዝ ከቤት አይወጣም። ትራክተር ቢሉ መኪና ቢሉ ጎኑ ላይ ጀሪካን ያልታሰረበት አይነሣም። እቴቴ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። በልጅነቷ አብደራፊ በኩል የእርሻ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኞች ምግብ ታበስል ነበር። አንድ ቀን መንገድ ስቶ ሁለት ቀን የከረመ የወሎ ልጅ በትራክተር ተጭኖ መጣ፤ ከንፈሩ እንደ ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በማንኪያ ውሃ ስታንጠባጥብለት እጇ ላይ ሞተ። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ውሃ ትይዛለች። ለቅሶ ቤት ውሃ የሌለ ይመስል! ሰው ሁሉ ይስቅባታል፤ እኔ ነኝ ተሸካሚዋ።

እንግዲህ ያን ዓመት እሷና የማኅበሯ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ጀልባ ለሳምንት ተከራዩ። ከጥምቀት በኋላ ተሄዶ የደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለሙ ነው። እቴቴን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፤ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፣ ዕቃ ያዥ ተብዬ። እኔ ምንም ተብዬ ብሄድ ግድ አልነበረኝም። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ የጣና ሥዕል ነበር፤ በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰውና ከኋላው ማለቂያ የሌለው ውሃ። በጋ ሲመጣ የማይቆራረጥ፣ ማንም በጣሳ የማይጨልፈው፣ ዝም ብሎ የተኛ ውሃ ማየት እፈልግ ነበር። ለማንም አልነገርሁም። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? ከገላባት የመጣ ሮዝ የላስቲክ ጫማ ተገዛልኝ፤ ለጉዞው ብዬ ሁለት ሳምንት ሳላደርገው አስቀመጥሁት።

ዕቃውን የማዘጋጀት ሥራ የእኔ ነበር። እኔ አስገባለሁ፣ እቴቴ ታወጣለች። እስከ ሰባት ዓመቴ ዳባት ስለኖርሁ ብርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁና ሁለት ጋቢ ከማዳበሪያ ከረጢቱ ሥር አስቀመጥሁ። አወጣችው። እንደገና አስገባሁ። እንደገና አወጣችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታወጣው ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ በር ላይ ቆማ ነበር። እቴቴ ጋቢውን እያራገበች፣ "እይልኝ ይችን! ገንዳ ውሃ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ አእምሮውን ስቷል" አለች። እትዬ ፈንታዬ እየሳቀች፣ "ለእኔስ ይሁን፣ ትራስ ይሆነኛል" ብላ ነበር፤ እሷም ረሳችው። በጋቢው ቦታ ምን ገባ? ብረት ድስት። ከሰል ማንደጃ። የእትዬ ፈንታዬ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ "ወገቤ መሬት አይችልም" ተብሎ። የሁሉም ፍራሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ እቴቴ ማኅበሩ ላይ ተነሥታ በተናገረችው መሠረት፣ እያንዳንዷ ሴት ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን ትይዛለች። እቴቴ ሁለት ያዘች።

"እቴቴ፣ የምንሄድ እኮ ሐይቅ ላይ ነው" አልኋት፤ ብቻችንን ነበርን።

"እና? ያ ባሕር አይደለም? የባሕር ውሃ ጨው ነው።"

"ማን አለ?"

"ፖርት ሱዳን ድረስ ሰሊጥ የሚጭን ሾፌር ነው የነገረኝ። አንድ ጉንጭ ቢጠጣ ቀኑን ሙሉ አስመለሰው። አንቺ ከእሱ ልታውቂ ነው?"

ዓባይ ከጣና እንደሚወጣ ተምሬ ነበር። ዓባይ ጨው እንዳልሆነ ደግሞ ማንም ያውቃል። ይህን ብቻ ብላት ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። ግን እሷ ጮክ ብላ ስትናገር እኔ ሁሌም እውነቷን ይመስለኛል። ዝም አልሁ። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ጀሪካኖች ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበት፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ጎርጎራ የደረስነው ከቤት በተነሣን በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከመኪና ስወርድ ውሃውን አየሁት። ስለ እሱ ምንም አልጽፍም፤ ሥዕሉ ላይ ካለው ይበልጥ ነበር። የጀልባው ካፒቴን ጋሽ አዱኛ ይባላሉ፤ አጭር፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የጠቀለሉ ሰው። የተራገፈውን ዕቃ ዞር ዞር ብለው አዩትና ጀሪካኑን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

"ይኼ ምንድን ነው፣ እመቤቶች? ላምባ ነው?"

"ውሃ ነው ጌታው" አለች እቴቴ።

"ወዴት የሚሄድ ውሃ?"

"ከእኛ ጋር ነዋ።"

ጋሽ አዱኛ ሐይቁን ዞረው አዩት፤ እንደገና ጀሪካኑን አዩት። "ከኋላዬ ያለው ምን ይመስልዎታል?"

"ጨው።"

ሰውዬው ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጨለፉና ጠጡ። እትዬ ፈንታዬ ወደ እቴቴ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጋ፣ "እሳቸውማ ለምደውት ነው" አለች።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ጀልባው ጎን ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ውሃው ያን መስመር ካለፈ አልነሣም አሉ ካፒቴኑ። ሰውና ዕቃው ተጭኖ መስመሩ ጨርሶ አይታይም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቃ ወረደ። ፍራሹ ወረደ። ወንበሩ ወረደ፤ እትዬ ፈንታዬም አብራው ወርዳ ተቀመጠችበት፣ በስንት ልመና ተመለሰች። ማንደጃው ወረደ። ጀሪካን ግን አንዲትም ሴት አታወርድም። አንዷ "የፈለግኸውን አውርድ፣ ውሃዬን ግን ከነካህ እጮሃለሁ" አለችው የጀልባውን ረዳት። በመጨረሻ መስመሩ ሊታይ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ጋሽ አዱኛ ላባቸውን ጠረጉና፣ "አርባ ኪሎ ይቀራል። የእርስዎ ሁለቱ ጀሪካን አርባ ኪሎ ነው፤ እሱ ይውረድና እንሂድ" አሏት እቴቴን።

ሁለት ጀሪካን አርባ ኪሎ። እኔም አርባ ኪሎ ነበርሁ፤ የሰሊጥ መጋዘን ሚዛን ላይ በጨዋታ ወጥቼ ስለማውቅ እርግጠኛ ነኝ። እቴቴ ጀሪካኖቹን አየቻቸው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ገና ሳትናገር አወቅሁት።

"ዕቃው ይግባ። ትርንጎ ትቅር" አለች። "ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ ትሄዳለች።"

ሴቶቹ ወደየጀሪካናቸው ዞሩ። እኔም "አልቀርም" አላልሁም። ሮዝ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር፣ ውሃ እንዳይነካው ብዬ። ወረድሁ። የካፒቴኑ ሚስት እትዬ ጥሩ እጄን ይዛ ከወረደው ዕቃ ጋር አስቀመጠችኝ፤ በአሥራ አንድ ፍራሽና በአንድ ወንበር መካከል። ጀልባው ራቀ። እቴቴ ቶቧን ከንፋሱ ጋር እየታገለች ከጀሪካኖቿ አጠገብ ተቀምጣ ታየችኝ፤ ወደ እኔ ዞራ አላየችም፣ ወይም አይታ ይሆናል፣ አልለየሁም። ጀልባው ጠፍቶ ድምፁም ሲጠፋ ወደ ዳሩ ወርጄ በመዳፌ ጠጣሁ። ጨው የለበትም። እንኳን ጨው፣ እኛ አገር ከሚሸጠው ይሻላል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት፤ ከዚያ በፊት አላለቀስሁም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሳምንት ሊቆይ የሄደ ጀልባ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ሰው አልመሰሉኝም። አሥራ አንዱም የዕቃ መሸፈኛውን ሸራ አንድ ላይ ተከናንበው፣ ጭንቅላት ብቻ ሆነው ተኮራምተዋል። ቶብ የሚባለው ለሱዳን ፀሐይ የተሠራ ስስ ጨርቅ ነው፤ የጥር የሐይቅ ንፋስ እንደ ወንፊት አልፎበታል። ጋሽ አዱኛ ገና ገመዱን ሳያስሩ ለሚስታቸው፣ "ጋቢ! ከየቤቱ ጋቢ ለምኝልኝ! እነዚህን ሴቶች ሬሳ አድርጌ ለባሎቻቸው አልመልስም" ብለው ጮኹ። እትዬ ፈንታዬ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ "ያ ጋቢ... ያ ያወጣሽው..." ትላለች ለእቴቴ፤ መጨረስ ግን አልቻለችም።

እትዬ ጥሩ ጋቢ ስታሰባስብ ካፒቴኑ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ ክዳናቸውን ከፍተው ሐይቁ ውስጥ ደፏቸው። ይህን ጊዜ የተከራከራቸው ሰው የለም። ከአህያ ጀርባ የተገዛ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ የተጫነ፣ እኔ በትከሻዬ ያወረድሁት ውሃ ጣና ውስጥ ገባ፤ ሐይቁ በአንዲት ፀጉር እንኳ ከፍ አላለም። እቴቴ የሰው ጋቢ ተከናንባ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ጠጣሽው?" አለችኝ።

"ጠጣሁት።"

"ጨው ነው?"

"አይደለም እቴቴ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም!" ብላ ተቆጣችኝ። እኔን! እሷ እኔን ተቆጣችኝ! ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ያኔም፣ ስንሳፈርም፣ ከዚያ በኋላም።

ተሳፈርሁ። የቀሩትን ቀናት ሁሉ ከጀልባው አፍንጫ ላይ አልተነሣሁም። በዚያ ሳምንት በእርግጥ የጠቀመን ነገር አንድ ከረጢት አይሞላም ነበር፤ ጋቢው፣ በሶው፣ አንድ ጣሳ፣ መርፌና ክር፣ ሻማ፣ ሲያቅለሸልሽ የሚልሱት ሎሚ፣ ንፋስ ሲነሣ ነጠላን አገጭ ሥር የምትይዝ መርፌ ቁልፍ። ሰናይት፣ ይኸው ነው። የጠየቅሽኝ ይኸው ነው። ጋቢ ያዙ። መተኮሻውን ተይው። ሃያ ካርቶን ውሃ ከጫናችሁ ደግሞ አንዳችሁ ጎርጎራ ዳር ትቀራላችሁ፤ የምትቀረው ደግሞ የማትናገረዋ ትሆናለች። ስለዚህ ከመካከላችሁ ዝምተኛዋ ማን እንደሆነች አስቀድማችሁ እዩ።

እቴቴ ታሪኩን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ታወራው ነበር፤ ግን እየለወጠችው። መጀመሪያ ጀሪካኖቹ ስድስት ሆኑ። ቀጥሎ ጋቢ እንያዝ ያለችው እሷ ሆነች። በመጨረሻ ሰው ፊት እየሳቀች፣ "ይች ትርንጎ ናት ውሃ እንያዝ ብላ ያስቸገረችን" ማለት ጀመረች። እንግዶቹ ወደ እኔ ዞረው ይስቃሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ሻይ ለመቅዳት እነሣለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ሻይ ቀዳሁ። መስመሩን፣ አርባ ኪሎውን፣ "ትርንጎ ትቅር" ማለቷን ግን በየትኛውም ጊዜ አንሥታው አታውቅም። ረስታዋለች ብዬ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ታመመች። ጎንደር ትሂድ ተባለ። አጨዳ ሲሆን መኪና እንደማይገኝ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ሁሉም ሠራተኛ ያመላልሳል። በስንት ልፋት አንድ ሚኒባስ ተገኘ፤ ሰው ሞልቶበት የኋላው ወንበር ለእሷ ተለቀቀ። ዕቃዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን የሚያወጣብኝ ሰው ስላልነበረ በሕይወቴ አንድ ጊዜ በትክክል አዘጋጀሁ። ሁለት ጋቢ፣ የሕክምና ካርዷ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ ሎሚ፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ውስጥ፣ ተቋጥሮ። እሷ ተጋድማ ከረጢቱ ከእግሯ ሥር ሲገባ ግን ለእኔ ቦታ ጠፋ። ረዳቱ፣ "እህት፣ አንቺ በነገው መኪና ትመጫለሽ፤ ለበሽተኛ ዕቃው ይቀድማል" አለኝ። ልክ ነበር። እኔም እንደ ለመድሁት ከበሩ ወደ ኋላ ተራምጄ ነበር።

እቴቴ ያን ጊዜ ከተጋደመችበት ቀና አለች። ለሁለት ቀን ቀና ብላ አታውቅም። ከረጢቱን በእግሯ እየገፋች፣ እየገፋች፣ ከሚኒባሱ አውጥታ አቧራው ላይ ጣለችው። ሁለቱም ጋቢ፣ ካርዱ፣ ሁሉ ነገር። ረዳቱ ጮኸ፤ እኔም "እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው!" አልሁ። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም አይከል ስንደርስ ብርዱ ገባ፣ የማለብሳት ጋቢ የለኝም፣ ነጠላዬን አውልቄ ደረብሁላት፣ ጎኗ ላይ ተጋድሜ በገላዬ አሞቅኋት፣ ጎንደር ስንገባ ደግሞ ካርዷ የት አለ እያሉ አቆሙን። በመንገዱ ሁሉ እጄን ይዛ ነበር፤ ግን አልተናገረችም፤ ከዚያም በኋላ አልተናገረችም። የመጨረሻ ቃሏ እዚያው ገንዳ ውሃ፣ የሚኒባሱ በር ላይ፣ ከረጢቱ አቧራ ላይ ወድቆ እኔ ላነሣው ሳጎነብስ ያለችኝ ነው።

"ተይው። ዕቃው ይቅር፤ አንቺ ግቢ።"